ቀርቶ የማያውቀው ኮት

(ደካ፣ ከፋ ዞን። የአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት። ውጭ ይዘንባል፤ በከፋ ዝናብ ወሬ አይደለም። ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል፤ ወረቀቱ በእርጥበት ጫፍ ጫፉ ተጠቅልሏል። ምሕረት ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ የጀመረችበት ቀን ነው። ነባሩ ሠራተኛ ጋሽ ኃይሌ አራት ሰዓት ሲሆን ጃንጥላቸውን እያራገፉ ይገባሉ።)

ምሕረት፦ እንደምን አደሩ ጋሼ። ሁለት ተኩል ላይ ብመጣ ሰው አጣሁ።

ጋሽ ኃይሌ፦ እንዴት ሰው አጣሁ ትያለሽ? ኮቱ አልነበረም?

ምሕረት፦ ኮቱማ ነበር። ወንበሩ ላይ።

ጋሽ ኃይሌ፦ እንግዲያው ገብቻለሁ። ኮት ያለበት ወንበር ባዶ አይባልም።

ምሕረት፦ ታዲያ አሁን የለበሱትስ?

ጋሽ ኃይሌ፦ ይሄ የእኔ ነው፤ ያኛው የመንግሥት ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ኮቱን ሰቅሎ በሸሚዝ ውልቅ ማለት ይቻላል። በዚህ ዝናብ በሸሚዝ የወጣ ሰው ግን የሳምባ ምች ይዞ ነው የሚመለሰው። የከፋ ሠራተኛ ሁለት ኮት ያስፈልገዋል። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማሩሽም?

ምሕረት፦ አላስተማሩንም። የሰው ኃይል ኃላፊው «ስለ ሥነ ምግባር ጋሽ ኃይሌ ያስረዱሻል» ብለው ቦንጋ ስብሰባ ሄደዋል።

ጋሽ ኃይሌ፦ መልካም። ቁጭ በይ። እ… እዚያ ላይ አይደለም! እሱ የኮቱ ነው። እዚህ፣ ካርቶኑ ላይ። መጀመሪያ ሙከራ ላይ መሆንሽን እወቂ። በአዋጅ 515/1999 ሙከራ ስድስት ወር ነው፤ ውጤትሽ ካላጠገበ ሦስት ወር ይጨመራል።

ምሕረት፦ እሱማ በ1064/2010 ተሽሯል ጋሼ።

ጋሽ ኃይሌ፦ ልጄ፣ ይሄ መዝገብ ቤት ነው። እዚህ አንዴ የገባ አዋጅ አይወጣም። ለማንኛውም በሙከራ ጊዜሽ በሰዓቱ ትገቢያለሽ፣ ባጅ ታንጠለጥያለሽ፣ ባለጉዳይ ሲመጣ ከመቀመጫሽ ትነሻለሽ። ቋሚ የሆንሽ ዕለት ትገላገያለሽ።

ምሕረት፦ ሥነ ምግባሩ ለሙከራ ጊዜ ብቻ ነው?

ጋሽ ኃይሌ፦ ሙከራ ነዋ! ይሞከራል። ካልሠራ ይተዋል።

ምሕረት፦ ወንድሜ በአንድ የግል ቡና ልማት ነው የሚሠራው። የእነሱ ሕግ 1156/2011 ነው፤ ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። ከዚያም በኋላ ቢሆን በጽሑፍ ተነግሮት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሰው ይሰናበታል።

ጋሽ ኃይሌ፦ ስምንት ብቻ? እኔ ዘንድ ስምንት ሁለት ሳምንት አያደርስም። (አሰብ ያደርጋሉ) ግን «በጽሑፍ» ነው ያልሽው? እንግዲያስ አልሰጋም። የክልላችን መቀመጫ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ ተከፋፍሏል። የእኔ ማስጠንቀቂያ አራቱንም ዞሮ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት እስኪደርስ ጡረታ እወጣለሁ።

ምሕረት፦ (ወደ ግድግዳው እያየች) እነዚህን አሥራ ሁለቱን ሁሉ የሚያሟላ ሰው እዚህ ቤት አለ?

ጋሽ ኃይሌ፦ ሰው እንኳ የለም። ኮቱን ተመልከች። ታማኝነት ካልሽ፣ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ምስጢር መጠበቅ ካልሽ፣ ስንቱ ሐሜት እፊቱ ተወርቷል፤ ትንፍሽ አላለም። አድልዎ የለበትም፤ ሀብታምም ይምጣ ድሃ እኩል ዝም ይላል። ግልጽነት? ገበሩ ተቀዷል፣ ውስጡ ለሁሉም ይታያል።

ምሕረት፦ ለአዳዲስ ለውጦች ምላሽ መስጠትስ?

ጋሽ ኃይሌ፦ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፤ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ነው ያሳለፋቸው። በካይዘን ጊዜ እንኳ «የማያስፈልገው ዕቃ ይወገድ» ተብሎ ለጥቂት ተርፏል። ኮሚቴው መከረ፣ መከረና ወንበሩን የሚፈልገው ሰው ስላልተገኘ ባለበት እንዲቀጥል ወሰነ።

ምሕረት፦ ተጠያቂነትስ?

ጋሽ ኃይሌ፦ እስኪ ጠይቂው።

ምሕረት፦ ይሄማ ቦንጋ ሄዶ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ውስጥ መሰቀል ነበረበት።

ጋሽ ኃይሌ፦ ስልሳ ሞልቶኝ ስወጣ ይሰቀላል። እስከዚያ ሥራ ላይ ነው።

(አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ከዝናብ እንደተከናነቡ ይገባሉ። ወደ ወንበሩ ቀርበው ለኮቱ ጎንበስ ይላሉ።)

እማማ፦ እንደምን አደሩ ጌታዬ? ዛሬም መጣሁ እንግዲህ።

ምሕረት፦ እማማ፣ እሱ ኮት ነው።

እማማ፦ ኮት? ዓይኔ ደክሟል ልጄ። እኔማ ኩሩ ሰው መስለውኝ! ታዲያ የይዞታ ማረጋገጫ ማመልከቻዬን ለእርሳቸው አይደል እንዴ የሰጠሁት?

ጋሽ ኃይሌ፦ ለማን?

እማማ፦ ለእርሳቸው ነዋ። እጃቸውን ባይዘረጉልኝ ኪሳቸው ከተትኩት። አልተቆጡም። እኔም «እሺ ብለዋል» ብዬ ሄድኩ።

(ምሕረት የኮቱን ኪስ ትበረብራለች። ማመልከቻው ይወጣል። ከሥሩ ሌላ ይከተላል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ጥያቄ፣ የድንበር አቤቱታ፣ በዝናብ ርሶ የደረቀ፣ ቀለሙ የለቀቀ። ጠረጴዛው ይሞላል።)

ምሕረት፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ባለጉዳይ ነው።

ጋሽ ኃይሌ፦ (ኮቱን በቁጣ እያዩ) ከጀርባዬ! እኔ «ነገ ተመለሱ» ብዬ ስሸኝ እሱ ይቀበላል!

ምሕረት፦ በሉ ገቢ መዝገብ ላይ ላስፍራቸው። ተቀባይ ማን ልበል?

ጋሽ ኃይሌ፦ የእኔን ስም ጻፊ እንግዲህ። እሱ ደመወዝ መክፈያው ላይ የለም።

ምሕረት፦ የእማማ ከየትኛው ቀን ይያዝ? መቼ ነበር የሰጡት እማማ?

እማማ፦ የማሽቃሬ ባሮ በዓል ባለፈ በማግስቱ።

ጋሽ ኃይሌ፦ ቆይ፣ ቆይ! እንዳትጽፊ። ያን ሰሞንማ እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ።

ምሕረት፦ ኮቱስ?

ጋሽ ኃይሌ፦ ኮቱ ገብቶ ነበር።