የምረቃ ዕለት ግምት

ሀብታም መሆንዎን ከእርስዎ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ገማች ይባላል።

እንበል፣ ዘንዘልማ ከግብርና ኮሌጁ ግቢ አጠገብ አንዲት እትዬ ሻይና ፓስቲ ይሸጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ደንበኛቸው «እትዬ፣ ዱቤ ይያዙልኝ» ባይ ተማሪ ነው። ገማቾቹ ከተፍ ያሉት ግን የምረቃ ዕለት ነው፤ ወላጅ ከየአገሩ ጎርፎ፣ ወንበር ጠፍቶ፣ ሰው ቆሞ ሻይ ሲጠጣ። «በቀን 2,000 ብር» ብለው ጻፉ። በ300 ቀን ሲባዛ 600,000! በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃ «ሐ» ከ500,000 ብር በታች ለሚሸጥ ስለነበር፣ እትዬ ሳያመለክቱ ወደ «ለ» አደጉ። ሹመት ያዳብር! ዱቤው አልተከፈለም፤ የሒሳብ መዝገብ ግን ይያዙ ተባሉ።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ይኸው የቀን ገቢ ግምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቅ አዘግቷል። የ2017ቱ ማሻሻያ «ሐ»ን ጭራሹን አስቀርቶ የ«ለ»ን ጣሪያ 2 ሚሊዮን ብር ላይ አደረገው። ከዚያ በታች ያለው ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጩ ነው፤ ዘይት ተወደደ ብሎ ማልቀስ ሒሳቡን አይቀንስም።

እናም እትዬ፣ ሽያጭዎን ማታ ማታ ይጻፉ፤ ያልተጻፈውን ሌላ ሰው ይጽፍልዎታል። በውሳኔው ካልተስማሙ የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ የሚሰጠው 21 ቀን ነው። ለድንጋጤ የተለየ ቀን አልተያዘም።