ስም ማውጣት በጅምላ

ለልጅ ስም ሲወጣ ዘመድ አዝማድ ይማከራል፤ ለፋይል ግን የኮምፒዩተሩ ኤፍ2 ቁልፍ ይበቃል። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ሙሽራ ሲያነሣ የዋለ ካሜራ ማታ የሚያራግፈው «ዲኤስሲ 0001» እያለ ነው፤ 9999 ሲሞላ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ሁለት ሙሽራ፣ አንድ ስም! ባለ ስቱዲዮው ግን ምን ቸገረው? ሁሉንም ይመርጣል፣ ኤፍ2 ይጫናል፣ «ሰርግ» ብሎ ይጽፋል። ዊንዶውስም «ሰርግ (1)»፣ «ሰርግ (2)» እያለ እስከ ሚዜው ጫማ ድረስ ያጠምቃል። በሳምንቱ ባለ ስቱዲዮው ሊቅነት ያምረውና በንጉሡ ሠ «ሠርግ» ይላል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን አላውቅም ብሎ ይክዳል፤ ፈላጊም ፎቶውን ትቶ ፊደል ይቆጥራል።

ቁጥር መስጠትስ ነውር የለውም። የብራና ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ካታሎግ የክብራን ገብርኤልን መጻሕፍት ከ1 ጀምረው ቆጥረዋል። ብልሃታቸው ከቁጥሩ ጎን የመጽሐፉን ይዘት መጻፋቸው ነው። የመሥሪያ ቤቶቻችን ካታሎግ ግን «ሪፖርት የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ የሚፈርሙት አንደኛው ላይ ነው።

መድኃኒቱ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አስቀድሞ መጻፍ ነው ይላሉ ዐዋቂዎች። ይሁን፤ 2016 እንበል ወይስ 2024? ጳጉሜንስ? ካሜራውም እንደ ደመወዝ ከፋያችን ነው፤ እንዲህ የሚባል ወር አያውቅም።