ልጅ የሚያዝል ቅጠል

ገንዘብም ጊዜም የተረፈው ሰው ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 የነበሩትን የእንግሊዝ መሳፍንት ይመልከት። የዴቮንሽሩና የኖርዘምበርላንዱ መስፍን በአበባ ተፋጠጡ። የአማዞን ግዙፍ የውሃ አበባ ነው፤ ቅጠሉ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሰፋ፣ ጠርዙ ቀና ያለ፣ ሰፌድ መሳይ። ጥያቄው በማን ግቢ ቀድሞ ያብባል የሚል ነው። አማዞን ውስጥ ማንም ሳይኮተኩተው ሲያብብ ኖሯል፤ በዚያ የተኩራራ መስፍን ግን አልተሰማም።

ተክሉ ሙቀት ይወዳል፤ እንግሊዝ ደግሞ ሙቀት የላትም። የዴቮንሽሩ መስፍን አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን በመስታወት ቤት ገንዳ አበጅቶ ውሃውን በከሰል አሞቀ፤ ወንዝ ላይ ያለ እንዲመስለውም ውሃውን የሚያናውጥ ትንሽ መዘውር ገጠመለት። ድሃው በሚንቀጠቀጥበት አገር ቅጠል እሳት ሞቀ። በኅዳር አበበ። ፓክስተን አበባና ቅጠል ይዞ ወደ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ገሰገሰ፤ ተክሉ አስቀድሞ በንግሥቲቱ ስም ቪክቶሪያ ተብሎ ነበርና። የኖርዘምበርላንዱ በተከታዩ ዓመት አበበ። ያኔ ማን ዞር ብሎ ሊያየው!

ይህ ሁሉ ለሁለት ሌሊት ነው። አበባው በመጀመሪያው ምሽት ነጭ ሆኖ፣ ሞቆና ሸትቶ ጥንዚዛዎችን ይጋብዛል፤ ሲገቡለት በሩን ዘግቶ ያሳድራቸዋል። በማግስቱ ማታ ሮዝ ሆኖ ይከፈትና የአበባ ዱቄት አሸክሞ ያሰናብታቸዋል። ባዕድ አገር ያለ መናፈሻ ጥንዚዛው ስለሌለው የተማረ አትክልተኛ ብሩሽ ይዞ የጥንዚዛን ሥራ ይሠራል።

ሰውን ያሳበደው ግን ቅጠሉ ነው። ፓክስተን ትንሿን ልጁን አኒን ቅጠሉ ላይ አቆማት፤ ጋዜጣም ሥዕሏን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ይህን ተክል ያገኘ መናፈሻ ሁሉ ሕፃን ካላስቀመጠበት አርፎ አይተኛም። ፎቶው የማያሳየን ብዙ ጊዜ ከልጁ ሥር የሚነጠፈውን ሳንቃ ነው። ክብደቱን ካልበተነለት ስሱ ቅጠል ይበሳል፤ ልጁም ከነልብሱ ይጠመቃል። ቅጠሉ ከሥሩ እሾህ አብቅሏል፤ ለፎቶ አንሺ ግን እሾህ አልበገረውም።

እንዲህ ስንለካና ስንመዝን ትልቁ አመለጠን። ለንደን፣ በኪው መናፈሻ የደረቁ ዕፅዋት ክምችት ውስጥ ከቦሊቪያ የመጣ ናሙና በሌላ ዝርያ ስም 177 ዓመት ተኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ራሱን የቻለ ዝርያ፣ ያውም ከሦስት ሜትር በላይ የሚሰፋ የሁሉም አውራ መሆኑ ታወቀ። ስሙንም ቪክቶሪያ ቦሊቪያና አሉት። ንግሥቲቱ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቦሊቪያን ተሾሙ።