ግድግዳው ግማሽ ነው

ይድረስ ለምወድዎ ጋሼ፤

«እንግሊዝ የነጻነት አገር ነው ይባላል፤ ለመሆኑ ሰው ቢራውን ይዞ ቁጭ ብሎ ያጨሳል?» ብለው ለጠየቁኝ፣ አያጨስም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ፐብ በሚሉት መጠጥ ቤትም ሆነ በምግብ ቤት ውስጥ ክልክል ነው።

መንግሥት መጀመሪያ ምግብ የማይሸጡ ፐቦችንና የአባላት ክበቦችን ሊምር አስቦ ነበር። ፓርላማው ግን በፌብሩዋሪ 2006 በ384 ለ184 ድምፅ ሁሉንም ጠቅልሎ ከለከለ። ባለፐቡ «ገበያዬ ሞተ»፣ አጫሹ «መብቴ ተነካ» ሲል ከርሟል። እኔ ማታ ማታ ብርጭቆ ስለምለቅም ለማን እንደምፈርድ አይጠፋዎትም፤ ደንበኛ ጭሱ ከመረረው ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፣ አስተናጋጅ እስኪዘጋ የት ይሄዳል?

አጫሹስ? ጓሮ ወጣ። መጠለያ ይፈቀድለታል፤ ጣሪያ ካለው ግን የግድግዳው ግማሽ ክፍት መሆን አለበት። አለቃዬ ሜትር ዘርግቶ ሲለካ ቢያዩት! አንድ ጣውላ ከጨመረ ሕግ ይጥሳል፣ ከቀነሰ ደንበኛው በረዶ ይሆናል። የሚገርመው ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው። የማያጨሰው ሳይቀር ቢራውን ይዞ ይወጣል፤ ውስጥ የምንቀረው ቴሌቪዥኑና እኔ ነን። በ2024 መንግሥት የፐብ ጓሮንም ሊከለክል ነው ተብሎ አገር ተተረማመሰ፤ ባለፐቦቹ ጮኹ፣ ኖቬምበር ላይ ሐሳቡ ተተወ።

እርስዎ ግን በእንግሊዞቹ አይሳቁ። የኛው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይብሳል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ቀርቶ ከበሩና ከመስኮቱ 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስ አይፈቅድም። በእርስዎ ሰፈር ደግሞ ከአንዱ ግሮሰሪ በር 10 ሜትር የራቀ ሰው የሌላው ግሮሰሪ በር ላይ ነው የሚደርሰው። እንግዲህ ሕግ ላክብር ካሉ፣ ኒያላ ሲጋራዎን ሳይለኩሱ ከበር ወደ በር ሲሸሹ ቤትዎ ይገባሉ። እዚያ ደግሞ እትዬ አሉ፤ የእሳቸው አዋጅ ቁጥርም የለው፣ ጓሮም አይምር።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከለንደን