የመጀመሪያው እትም ጣጣ

ወዳጄ ከዋሽንግተን ሲመጣ አንድ ነገር ተመኝቶ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይዞ መመለስ። የኋለኛው እትም አይሆነኝም አለ። አሜሪካ ሆኖ የመጻሕፍት ሰብሳቢ ሆኗል። እዚያ አሳታሚዎቹ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይደረድራሉ፤ መጽሐፉ በድጋሚ በታተመ ቁጥር ትንሹን ያነሣሉ። 1 ካለች የመጀመሪያው ነው። ራንደም ሃውስ ግን ለብዙ ዓመታት ከ2 ይጀምርና «የመጀመሪያ እትም» የሚል ቃል ይጨምርበት ነበር፤ ቃሉን ካላየህ ጉድ ሆነሃል።

የእኛ መጽሐፍ እንዲህ አይለፈልፍም። ብዙ ጊዜ «አንደኛ እትም» ነኝ ብሎ አይወጣም፤ ራሱን የሚያስተዋውቀው ሁለተኛው ነው። በኩር ልጅም በኩርነቱ የሚነገረው ታናሽ ሲመጣበት አይደል? ስለዚህ የምታስሰው ያልተጻፈን ነገር ነው። በመግቢያው ግርጌ ያለውን ቀን አትመን፤ እሱ በየእትሙ አብሮ ሊታተም ይችላል። ጠራዥ እጅ የገባማ ጠርዙ ተቆርጦ፣ ዋጋው ያለበት ሽፋን ተገንጥሎ ነው የሚወጣው።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ነጋዴ በፌስታል የጠቀለለውን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ ኦሪጅናል ነው። ብርሃንና ሰላም፣ 58! እንደዚህ ያለ ከየትም አያገኙም።»

እውነትም ዓመተ ምሕረቱም ማተሚያ ቤቱም አሉ። ከበታቻቸው ግን ወረቀቱ ትንሽ ሻክሮብኛል። ሸራው ስር ጨለማ ነው፤ ገጹን ፀሐይ ላይ ላየው ሁለት እርምጃ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።

«ሌባ! ያዙት!» አለ ዕቃ ጠባቂው ልጅ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ቃል ሰው አይጠፋም። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ ሁሉም ከበበኝ። ወዳጄ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረ፤ ይባስ አጠራጣሪ ሆንን። መጽሐፉን ከፍ አድርጌ «እዩት!» አልኩ። በምላጭ የተፋቀው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንድ መስመር ሙሉ ሳስቷል። ከቀሪው የምትነበበው «ኛ» ብቻ ናት። ሁለተኛ ይሁን አራተኛ ክርክር ተነሣ፤ መጽሐፉም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«እኔ ሲወጣ ነው የገዛሁት፤ የኔ ሽፋን እንዲህ አልነበረም» አሉ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ።

«ታዲያ የርስዎ የታለ፣ አባባ?»

«አውሼው ቀረ።»

ነጋዴው ፍንክች አላለም። «እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት» አለ፤ ምላጩ የማን እንደሆነ ማን ይመስክር? ወዳጄ በበኩሉ በተቀነሰ ዋጋም አልወስድም ብሎ ገገመ። ስንጨቃጨቅ አንድ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ ገንዘቡን ቆጥሮ ለነጋዴው አስጨበጠ፤ እኛ ከተጠየቅነው በላይ። እንዴት ብዬ ብጠይቀው ገርሞት አየኝ።

«ይኼን ያህል ሰው የተጣላበት መጽሐፍ ዝም ብሎ መጽሐፍ ነው እንዴ?»