ጥፍር ለምታህል ድንጋይ

እኔ ኮራልን የማውቀው በግድግዳነቱ ነው። በ1960ዎቹ የከባድ መኪና ረዳት ሆኜ ምጽዋ ስመላለስ፣ አሮጌዎቹ የወደቡ ቤቶች ከባሕር በተቆረጠ ኮራል የተገነቡ ነበሩ። ተደግፌው ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ላብ ያራሰውን ሸሚዜን አስጥቼበታለሁ። "ሰውዬ፣ ስንት ሺህ ዶላር ላይ እንደተደገፍክ ታውቃለህ?" ያለኝ አልነበረም።

ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ ልጄ "አባዬ፣ እሑድ ኤግዚቢሽን ልውሰድህ" አለኝ። የመኪና መስሎኝ ከረባት አሰርኩ። ለካ የባሕር ዓሣና የኮራል ገበያ ኖሯል! በር ላይ ለእኔ ብቻ 25 ዶላር ከፈለ። ገበያ ለመግባት ይከፈላል ማለት ነው፤ መርካቶ ይህን እንዳይሰማ።

ውስጡ ጨለማ ነው። በየጠረጴዛው ጎድጓዳ ያልሆነ ገንዳ፣ ከላዩ ሰማያዊ መብራት። በዚያ መብራት አረንጓዴውም ቀዩም እንደ ፍም ይነድዳል። ይህም አልበቃ ብሎ ሻጩ ብርቱካናማ መነጽር ያቀብልሃል። የእኔ ነጭ ሸሚዝ እንኳ በራ፤ ዋጋ ጠይቁኝ ማለት አማረኝ። የአገሬ ጨርቅ ነጋዴ እኮ "ወጣ አድርገህ በፀሐይ እየው" ነው የሚለው።

ጥፍር የምታህል ቅንጣቢ፣ ሸክላ ቡሽ ላይ የተለጠፈች፣ 80 ዶላር። ዞአንተስ የሚሏትንማ እንደ ቀለብተኛ በአፍ ቁጥር ይሸጧታል። የዘንዶና የቀስተ ደመና ስም የወጣላት፣ ስም ከሌላት ጎረቤቷ ሦስት እጥፍ ታወጣለች።

"ድንጋይ በዚህ ዋጋ?" ብል፣
"አባዬ፣ እንስሳ ነው።"
"ታዲያ ይታለባል?"

አይታለብም፤ ያልባል እንጂ። የተጣራ ውሃ፣ በከረጢት የተገዛ ጨው፣ ቀን ከሌት 25 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ልጄ በየሳምንቱ ካልሲየሙን ይለካለታል። የእኔን ካልሲየም የለካልኝ የለም።

ግን ልመን፤ ሰዉ የሚጎርፈው በከንቱ አይደለም። ሱቅ ውስጥ መስታወት አይተህ ትወጣለህ፤ እዚህ ያሳደገው ሰው ራሱ ቆሞ "ከዚህች እናት ነው የቆረጥኳት" ይልሃል። ስታድግ አንተም ቆርጠህ ለሌላ ትሰጣለህ። እርሾ ነው በሉት! እናቶቻችን እርሾ ሲዋዋሱ ግን በአፍ ቁጥር አልተነጋገሩም።

ወደ አሥር ሰዓት ሻጮቹ ዕቃ መሸከፍ ሲጀምሩ ዋጋው አቅሉን ሳተ። የጠዋቷን ባለ 80 ወደ 30 አወረድኳት፤ ትንሽ ቀይ ቀንድ አውጣ ምራቂ አስጨመርኩ። ቤት ገብተን በመስኮት ብርሃን ስናያት ቡናማ ናት።

የምትሄዱ ካላችሁ ከአሥር ሰዓት በፊት አትግቡ። ነጭ የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም አብሩት።