ሁለት መቶ ፈረስ ለሐይቅ አስፋልት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት የመጀመሪያ ሞተሩን ሊገዛ ሲነሣ ብቻውን አይወስንም። ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ጀበና ቡና በሚሸጥበት በረንዳ ላይ ሲሆን አባላቱም በብቃታቸው የተመረጡ ናቸው። አንዱ ሞተር ነድቶ ባያውቅም ቲክቶክ ላይ ብዙ አይቷል። ሌላው የአጎቱ ልጅ ሪያድ ውስጥ ከቆመ ሃያቡሳ ሞተር አጠገብ የተነሣውን ፎቶ በስልኩ ይዞ ይዞራል። ሦስተኛው በእርግጥ ነድቷል፤ የሚያነክሰውም ከዚያ ወዲህ ነው፤ በዚህም ምክንያት የባለሙያ ወንበር ተሰጥቶታል። አጀንዳው ከስብሰባ ስብሰባ አይለወጥም፦ «ስንት ይሄዳል?» በስንት ሜትር ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ አባል እስካሁን አልተመረጠም።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ያልፋል፦ ስፖርት ይሁን። ስፖርት የሚባለው ፊቱ እንደ ጭልፊት የሾለ፣ ጎኑ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ኋላው ሽቅብ የተሰቀለ፣ ነጂውን አንገቱን አስደፍቶ ሆዱን ከነዳጅ ጋኑ ጋር የሚያጣብቅ ሞተር ነው። ገንዘብ ያለው ከፑልሳር ወይም ከአፓቺ ይጀምራል። ገንዘብ ያጠረው ቦክሰር ገዝቶ ጎኑ ላይ «አር ዋን» የሚል ስቲከር ይለጥፍበታል፤ በዚህም የፈረስ ጉልበቱ ከ12 ወደ 200 ያድጋል። የሁሉም ሕልም ግን ትክክለኛው የያማሃ አር ዋን ወይም ታናሽ ወንድሙ አር ሲክስ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከጂዳ። ከሪያድም ከቤሩትም ይመጣል። የአምባሰልና የተሁለደሬ ሴት ልጆች የሰው ቤት ወለል እየወለወሉ፣ ፓስፖርታቸውን ለአሠሪ አስረክበው፣ ዓመት በዓልን በስልክ እያከበሩ የላኩት ሪያል ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለእናት ቤት ቆርቆሮ ነበር፤ ቀጥሎ ለሱቅ መክፈቻ ሆነ፤ በመጨረሻ ወንድምየው «ሞተር ከገዛሁ ሠርቼ እመልሳለሁ» አለ። እውነትም ሞተር ሥራ ነው። ቦክሰር ሰውም ጤፍም ጭኖ ዳገት ይወጣል፤ ባለቤቱንም ያበላል። ስፖርት ሞተር ደግሞ አንድ ቀጭን ጓደኛ ይጭናል፤ እሱም ጎርበጥባጣ ላይ ወርዶ በእግሩ ይከተላል።

የኮሚቴው ንቀት በተለይ ሊደነቅ ይገባዋል። ሦስት እግር ያለው ባጃጅ «የሽማግሌ መጓጓዣ» ተብሎ ይናቃል፤ ቦክሰር የእህል መጫኛ ነው፤ በየወረዳው ግብርና ቢሮ ደጅ የሚቆመው፣ ያማሃ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ብሎ የሠራው ኤጂ ደግሞ የልማት ሠራተኛ ነገር ነው። የተከበረው ፑልሳር ነው። ፑልሳርን የሚሠራው የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ መሆኑን፣ ቦክሰርንም ባለሦስት እግሩንም የሚያወጣው ያው ኩባንያ መሆኑን ለኮሚቴው መንገር ነውር ነው። ሰው ከባጃጅ ሸሽቶ ባጃጅ ገዛ ማለት ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ከባድ ዜና ነው።

ስለ ቁጥር ይነሣ። አር ዋን 998 ሲሲ ሲሆን በአዲሶቹ ሞዴሎች ጉልበቱ 200 ፈረስ ገደማ፣ ክብደቱም 200 ኪሎ ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ፈረስ ማለት ነው። አር ሲክስ 599 ሲሲ ብቻ ስለሆነ ኮሚቴው «ለጀማሪ የሚሆን» ይለዋል፤ 115 ፈረስ ያልፋል። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ሃያቡሳ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ስላለፈ አምራቾቹ ራሳቸው ደንግጠው ከ299 እንዳይበልጥ ልጓም አበጁለት። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ፍጥነት ስድስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ቁርስ ሳይበርድ ይደረሳል። አር ዋን በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ የሐይቁ ባለቤት ሁለተኛ ማርሽ የሚያስፈልገው ለጌጥ ነው። የቀሩት አራቱ በካርቶናቸው ቢቀመጡ አያረጁም።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ። አየር ሲሳሳ ሞተር ጉልበቱን ያጣል፤ በሐይቅ ከፍታ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ ይቀንሳል። ከ200ው ፈረስ 40ው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀሩ ማለት ነው፤ ዋጋቸው ግን ሙሉውን ተከፍሏል።

እነዚህን ሞተሮች የፈለሰፈው አገር ሰዎች ፈሪዎች ናቸው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ከ400 ሲሲ በላይ ለሚነዳ ሰው የተለየ ፈተና አዘጋጀች፤ ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበት ፈተና ነበር። እስከ 1996 ድረስም በማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በኩል የሚታለፍ አልነበረም። አውሮፓውያንም አይሻሉም፦ ወጣቱን ጀማሪ 125 ሲሲና 15 ፈረስ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀጥሎ እስከ 47 ፈረስ ይፈቅዱለታል፤ ሙሉውን ፈቃድ የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሐይቅ እንዲህ ባለ መንዛዛት አትታማም። በረንዳው ላይ ከዜሮ ወደ 200 ለመሻገር የሚፈጀው ጊዜ ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ነው።

ሥልጠናው እንዴት ነው? ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ባለው በእስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ትልቅ ሰው ሆነው መጥተው ከእግራቸው ሥር ለዓመታት ተምረዋል። ለስፖርት ሞተር ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። መምህሩ ጓደኛ ነው፤ ትምህርቱም አጭር፦ «ይኼ ፍሪሲዮን፣ ይኼ ማርሽ፣ ይኼ ነዳጅ መስጫ፣ አይዞህ!» ፍሬን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይነሣል፤ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን አልተወሰነም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን አንድ በአንድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አወጣ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሆኑት ደግሞ በዚያ ሞተር ላይ አምስት ወር አልሞላቸውም፤ በሌላ ሞተር ልምድ የነበራቸውም ጭምር። በአደጋው ቅጽበት ያደረጉትም ተመሳሳይ ነው፦ የኋላውን ፍሬን ረግጠው ጎማውን አንሸራተቱ፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውን የፊቱን ግን በቅጡ አልተጠቀሙበትም። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደኅንነት ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2007 ሲቆጥር፣ በተመዘገበ ሞተር ልክ ሲሰላ፣ ስፖርቶቹን የሚነዱ ሰዎች ከሌሎቹ ሞተረኞች አራት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይሞቱ ነበር። ኮሚቴው ይህን ሰምቶ «እነሱ መንዳት ስለማይችሉ ነው» ብሏል።

መንገዱስ? ስፖርት ሞተር የተወለደው ለውድድር ሜዳ ነው፤ አስፋልቱ የተጠረገ፣ ጠመዝማዛው ቀድሞ የታወቀ፣ አህያ የማይገባበት። የሐይቅ አስፋልት ግን የአዲስ አበባ፣ የደሴ፣ የወልድያና የመቀሌ ዋና መንገድ ነው። ሲኖትራኩና አይሱዙው አሸዋና ሲሚንቶ ጭነው ይወርዱበታል፤ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል፤ በገበያ ቀን ግመሉም፣ ፍየሉም፣ ማገዶ የተሸከመችውም እናት የመንገዱ ባለቤት ናቸው። ክረምት ላይ በደሴ በኩል ጉሙ ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊት ያለው አይታይም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሴኮንድ 28 ሜትር ይጓዛል። አህያዋ ከቦዩ ወጥታ ጆሮዋን እስክታንቀሳቅስ፣ ጎበዙ ገና ፍሬኑ የትኛው እጅ ላይ እንደነበር ሲያስታውስ፣ ሴኮንዷ አልቃለች። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው የማቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ፊዚክስ ነው፤ በኮሚቴ ድምፅ አይሻርም።

ከተማ ውስጥ ሲገባ ሌላ ትርኢት ይጀመራል። አር ሲክስ ከሆዱ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 13 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታና የኮብልስቶኑ ጉድጓድ ይህን በልክ የተሰፋ ሆድ ፈልገው ያገኙታል። መሪው ደግሞ ብዙ አይታጠፍም። ጠባብ መንደር ውስጥ የገባ ስፖርት ለመዞር ሦስት ጊዜ ወደፊት፣ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ይላል፤ የሰፈሩ ሕፃናትም በነፃ ይገፉለታል። አንድ ጊዜ ቆሞ ሳለ ቢወድቅ ቦክሰር ፔዳሉ ይጎብጣል፤ ጎረቤት በመዶሻ ያቃናለታል። ስፖርቱ ግን ጎኑ ይሰነጠቃል፤ ለዚያ ፕላስቲክ ደሴ ይወጣል፤ ከደሴ አዲስ አበባ ይደወላል፤ ከአዲስ አበባ ዱባይ ይታዘዛል፤ በመጨረሻ በሽቦ ይሰፋል።

ወሎ ደግሞ ግልቢያ የማያውቅ አገር አይደለም። ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» ተብለው ሲጠሩ ስሙ በግልቢያ የተመሰከረለት ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ የመሩትም እሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ልጅ አህያ ላይ ወድቆ፣ በቅሎ ላይ ተገርቶ፣ ልጓሙን አዋቂ ይዞለት ነው ሰንጋ ፈረስ ላይ የሚወጣው። ያልተገራ ፈረስ ላይ ያልተገራ ልጅ የሚያስቀምጥ አባት ቢገኝ መንደሩ ለሽምግልና ይቀመጥ ነበር። ዛሬ 200ው ፈረስ ባንድ ላይ ሲሰጠው መንደሩ የሚቀመጠው ቪዲዮ ለመቅረጽ ነው።

ከግዢ በኋላ ማሻሻያ ይከተላል። ስፖኪዮው ይነቀላል፤ ኋላ ያለው ነገር ለስፖርት ነጂ አይመጥንም። ማርሚታው ይበሳል፤ ድምፁ ከቦሩ ሜዳ ካልተሰማ ገንዘቡ ባከነ። ፍሬቻው ይፈታል። ሄልሜት ከተገዛም ክንድ ላይ እንደ ቅርጫት ይንጠለጠላል፤ ፀጉር የተቆረጠው ሊታይ ነውና። ሄልሜት የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተመዝኗል፤ ክንድን እንደሚያድን ግን የተጻፈ የለም።

ወረቀቱንም መርሳት አይገባም። ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በሁለቱ ቅጂ አንድ ባለመሆኑ አገር ለአገር ያዋጋ ነው። በዚያው በአምባሰል ምድር ግን ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከሞተሩ ጋር ሳያመሳክር የሚፈርም ገዢ አለ፤ የ17ኛው አንቀጽ ችግር ፍተሻ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ይገለጥለታል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ ሞተረኛን ከዝርፊያ ጋር አያይዛ ከጥቂት ፈቃድ ካላቸው በቀር ከጎዳና ስታስወጣ ብዙዎች ተቆጥተው ነበር፤ ታርጋ የሌለው ስፖርት ነጂ ግን የፖሊስን ጥርጣሬ በነፃ ሲያጠናክር ይውላል።

ፈሪዎችም አሉ። ፈሪ የሚባለው 125 ወይም 150 ሲሲ ያለው፣ ሁለት እግሩ መሬት የሚደርስበት፣ መለዋወጫው ሐይቅ ገበያ ውስጥ የሚገኝ ያገለገለ ሞተር የሚገዛው ነው። የተረፈውን ገንዘብ ለሄልሜት፣ ለጓንትና ለወፍራም ጫማ ያውለዋል። ጎህ ሲቀድ ባዶ ሜዳ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር እየሄደ የፊቱን ፍሬን በቀስታ መጭመቅ ይለማመዳል፤ አንዳንዴ ይወድቃል፤ አቧራውን አራግፎ ይነሣል፤ ማንም አይቀርጸውም። ዓመት ሲሞላው የውርጌሳን መንገድ በዝናብም በጉምም ያውቀዋል። ያን ጊዜ ስፖርት ቢያምረው ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሲሲው ይበቃዋል። ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ስብሰባ አይጠራም።

ኮሚቴው የመረጠለት ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ማስታወቂያ ያወጣል፦ «ስፖርት ሞተር፣ ብዙ ያልተነዳ፣ በአስቸኳይ።» ቃሉ እውነት ነው፤ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ጋራዥ ነው። ገዢ ሲመጣ ከተገዛበት ዋጋ ሲሶው ይቆረጣል፤ ከቀረው ላይ መካኒኩ የቆየ ዕዳውን ያነሣል። በተረፈው አሮጌ ቦክሰር ተገዝቶ ከሐይቅ ወደ ቢስቲማ መንገደኛ ማመላለስ ተጀምሯል፤ ልጁም የፊት ፍሬን አያያዝ የተማረው በዚሁ ላይ ነው። እህትየው ስትደውል «ሞተሩ ደህና ነው?» ትላለች። «ደህና ነው፣ እየሠራ ነው» ይላታል፤ የትኛው ሞተር እንደሆነ ስላልጠየቀች አልዋሻትም።